የቮልሷ ሳል

ቅዳሜ፣ ሰኔ 2 ቀን 1971

የምነዳትን የመሥሪያ ቤቱን ቮልስ አጠብኩ። ካፊያ ስለነበር ግማሹን ሥራ ሰማዩ ሠራልኝ። ጠዋት ሳስነሳት ትንሽ አሳላት... ሚኒሞው፣ ቆማ የምትዞርበት ልክ፣ ወርዶ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። ብሎኗን በካቻቪቴ ሩብ ዙር አጠበቅኩ፣ ተስተካከለች።

ቁልፉን እንደወትሮው ጥበቃ ቤት ሰቀልኩ። ዘበኛችን አባባ ወልደ ሐዋርያት ምን ስትነካካ ቆየህ አሉኝ። “ሳል ይዟታል አባባ” አልኳቸው። ለቀልድ ነው። እሳቸው ግን ከልባቸው አዘኑ፤ እግዜር ይማራት አሉ። ለመኪና እንኳ የሚያዝኑ ሰው ናቸው።

ሰኞ፣ ሰኔ 4

ምን ዓይነት ቀን ነው...

ጓድ በዳዳን ይዤ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ላይኛው ችግኝ ጣቢያ ሄዶ ሠራተኛውን ያወያያል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ቮልሷ አሳላት፣ ደግማ አሳላት፣ ጸጥ አለች። ከኋላ ሞተሯን ከፍቼ ያልነካሁት የለም። እምቢ። ጓድ በዳዳ ወርዶ በዝናብ በእግሩ ወጣ። ዞሮ እንኳ አላየኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ይሆን? ግን ስንት ዓመት ወጥታዋለች!

በኋላ ቁልፉን ስሰቅል አባባ እንዴት ሆነች አሉኝ። ብሶባታል አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 6

ካርቡራተሩን ፈታሁ። ጂግለሯን፣ ያቺን ቤንዚን የምታሾልክ የመርፌ ቀዳዳ፣ በአፌ ነፋሁ። ባለቤቴ ከይሪያ እስካሁን አጠገቤ አትድረስ ትለኛለች፤ ቤንዚን ቤንዚን እሸታለሁ። ቆሻሻ ካለ ይውጣ ብዬ ቱቦውን ነቅዬ ከታንኩ ግማሽ ጣሳ ለቀቅኩ። ሥሩ ላይ ውሃ አየሁ። ደጅ በካፊያ ነው የምሠራው፣ ዝናቡ ገብቶበት ነው ብዬ ደፋሁት።

ኀሙስ፣ ሰኔ 7

ለብቻዬ ሞከርኳት። እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በር ድረስ አንዴም አላሳላት! ስመለስ ዘፈንኩ። ለጓድ በዳዳም ወጥታለች አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

አልሐምዱሊላህ። ዛሬ እተኛለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 11

እዚያው ቦታ። እዚያው ድንጋይ አጠገብ ቆመች።

ጓድ በዳዳ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣና ዞር ብሎ አየኝ። “ኀሙስ ወጥታለች አላልክም? ታዲያ እኔ ስሳፈር ብቻ ነው የምትቆመው?”

ወርጄ ካንዴላ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ፈታሁ፣ ገጠምኩ። መጨረሻ ላይ ቁልቁል አንከባልዬ ይዣት ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 12

ቀበና፣ ጉተማ ጋራዥ ወሰድኳት። አብረን ነው ሙያውን የተማርነው፣ አይደብቀኝም። ቱቦውን ነቅሎ በብርጭቆ ቀዳና ብርሃን ላይ ያዘው። ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ሌላ ነገር። “ጀማል፣ ይሄ ውሃ ነው” አለኝ።

ውሃ ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል አለ፤ ሜዳ ላይ ዝም ይላል፣ ዳገት ላይ ታንኩ ሲያዘነብል ወደ ቱቦው ይሄዳል። ከየት መጣ አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨርም ከዚያው ማደያ ነው የሚቀዳው፣ እሱ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ከማደያው አይደለም። ስለዚህ ግቢ ውስጥ...

የባለፈው ረቡዕ ጣሳ። ያ ካፊያ አልነበረም! እኔ ጅሉ ደፋሁት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 13

ጓድ በዳዳ አስጠራኝ። ቁጭ በል አላለኝም። ሰኞ ከዋናው ጽሕፈት ቤት እንግዳ ይመጣል፣ ቮልሷ እንጦጦ ትወጣለች፣ ያን ዕለት የችግሩን ምክንያት በጽሑፍ ታቀርባለህ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

“አንድ ጊዜ ብልሽት ነው። ሁለት ጊዜ አሻጥር ነው።”

አሻጥር። ይቺን ቃል ሰምቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው አላውቅም። ባለፈው ዓመት የመጋዘኑ ሰውዬ በሁለት ጆንያ ማዳበሪያ... እስካሁን የት እንዳለ ሚስቱ አታውቅም።

ኀሙስ፣ ሰኔ 14

ለከይሪያ ነገርኳት። ለምሳ ስመለስ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አጥፋ፣ ከሹራቤ ጋር በገመድ አስራ፣ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች። ሊወስዱኝ ቢመጡ እንዳይበርደኝ ነው። ሁለታችንም እንዳላየን ሆነን ምሳ በላን።

ይህንንም ደብተር አቃጥለው ትለኛለች። ልክ ናት። ግን የት ልተንፍስ?

ዓርብ፣ ሰኔ 15

ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ሰኞ ቆመች። ኀሙስ ወጣች። ሰኞ ቆመች። በሰኞና በኀሙስ መካከል ምን ልዩነት አለ? ከሰኞ በፊት እሑድ አለ። እሑድ እኔ የለሁም። ቁልፉ ጥበቃ ቤት ነው። ጥበቃ ቤት ያሉት ደግሞ...

አስተግፍሩላህ። አባባን? ልጄ ስትታመም ሌሊቱን ሙሉ አብረውኝ የተቀመጡትን ሰው?

ግን ሌላ ማን አለ?

እሑድ፣ ሰኔ 17

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሹራብ ረሳሁ ብዬ ግቢ ገባሁ።

የቮልሷ የፊት ኮፋኖ፣ ታንኳ ያለበት፣ ተከፍቷል። አባባ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ የታንኩን ክዳን በግራ እጃቸው ይዘው፣ በቀኛቸው ከጠርሙስ ያንቆረቁራሉ። በስመ አብ እያሉ።

“አባባ! ምን እያደረጉ ነው?”

አልደነገጡም። “መጣህ ልጄ? ጠበል ነው፣ ከኪዳነ ምሕረት። ከላይ ብቻ ቢረጯት አይደርስላትም። ሳል የውስጥ በሽታ ነው። ስለዚህ አጠጣኋት።”

እሑድ እሑድ ማለዳ ከየካ ሚካኤል ተነስተው በእግራቸው እንጦጦ ወጥተው ነው የሚያመጡት። ብሶባታል ያልኳቸው ጊዜ መጠኑን ጨመሩላት። እኔው ነኝ ሳል ያልኩት፣ እኔው! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ እንባዬ መጣብኝ። ለመኪና ብለው ይህን ሁሉ መንገድ፣ በዚህ ዕድሜዎ፣ አልኳቸው።

“ለእሷ ብዬ ነው እንዴ? እሷ ካልዳነች አንተን እንደሚይዙህ ጠፍቶኝ ነው?”

እርስዎ ነዎት ሊያሳስሩኝ የነበሩት ልበላቸው? የጠርሙሱን አፍ በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየኋቸው።

“ድናለች አባባ። ከእንግዲህ ይበቃታል” አልኳቸው።

ደስ አላቸው። እሳቸው ወደ ጥበቃ ቤታቸው ሲመለሱ ታንኩን እስከ ጠብታው አንጠፍጥፌ ንጹሕ ቤንዚን ሞላሁበት።

ሰኞ፣ ሰኔ 18

ወጣች። እንግዳውንም ጓድ በዳዳንም ይዛ፣ ያንን ድንጋይ አልፋ፣ ያለ ሳል። እኔ ግን ደስታ የሚባል አልተሰማኝም። ጽሑፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

እውነቱን ብጽፍ እኔ ነጻ ነኝ። አባባ ግን “በመንግሥት ንብረት ላይ ውሃ ጨመሩ” ይባላሉ። ጠበል ነው ቢሉ ደግሞ ይብስባቸዋል። ስለዚህ የታንኩ ክዳን ጎማ አርጅቶ ዝናብ አስገብቷል፣ ሳላየው የቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ጓድ በዳዳ ቀስ ብሎ አነበበው። ሞኝ ሰው አይደለም።

“ዝናቡ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው የሚዘንበው? ኀሙስስ እንዴት ወጣች?”

አንድ መውጫ ብቻ ነበረኝ።

“ኀሙስ አልወጣሁም፣ ጓድ። ፈርቼ ነው የዋሸሁት።”

ለዚህ ሰው የነገርኩት እውነት ያቺው አንዷ ነበረች። እሷንም ውሸት አደረግኳት። ወረቀቱን አጠፈና ውጣ አለኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 20

አልታሰርኩም። አልታሰርኩም! በግዴለሽነትና በውሸት ተብሎ ከሹፌርነት ተነስቻለሁ። ላይኛው ችግኝ ጣቢያ ጉድጓድ ቆፋሪ። ከይሪያ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገመዱን ፈታች፣ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ መለሰችው፣ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እሑድ፣ ሐምሌ 15

እሑድም ዘመቻ ነው፣ ተከላ። ጭቃው እስከ ጉልበት። እጄ ካቻቪቴ ረስቷል፤ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ አሁን ደድሯል። ሰኞ ሰኞ ቮልሷ ከታች ስትመጣ ከሩቅ አውቃታለሁ። አዲሱ ልጅ ማርሽ ያዘገያል እንጂ ሞተሯስ ደህና ናት። ባለፈች ቁጥር አንገቴን ደፍቼ እቆፍራለሁ... ይቆጨኛል፣ ለምን እዋሻለሁ።

ዛሬ አባባ ከኪዳነ ምሕረት ሲመለሱ በእኛ በኩል መጡ። አጠገቤ ድንጋይ ላይ አረፉ። ቮልሷ አንድም ቀን አልቆመችም አሉኝ፣ ኩራት ኩራት እያላቸው። ከዚያ ፊታቸው ጨለም አለ። እሷ ድና አንተን ለምን አነሱህ፣ እኔ ይህ ነገር አልገባኝም አሉ። መንግሥት የሚያደርገውን ማን ያውቃል አባባ፣ ብዬ አለፍኩት።

ልስቅ ስል ሳል ያዘኝ። የዚህ ተራራ ብርድ ነው፣ ሳምንት ሆኖታል። አንዴ ከጀመረ አይለቀኝም።

አባባ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር ያንን ጠርሙስ አወጡ፣ ክዳኑን ከፈቱና ዘረጉልኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ጠጣሁ።