ከርከሮ እንዳልመስል

ቅዳሜ፣ ሰኔ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጂንካ

ልጄ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ጨዋታ፣ ሰዎች የደበቁትን ጣሳ በካርታ እየተመሩ መፈለግ ነው። የዛሬው ጣሳ ከከተማው በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ነበር። በቆሎ ሲደርስ ገበሬዎች እዚያ ከርከሮ ስለሚያድኑ በስህተት እንዳልወጋ ተጠንቅቄአለሁ። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ብርቱካንማ ሰደርያ ለበስኩ፤ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ የተረፈችኝን ፊሽካም በየመታጠፊያው ነፋሁ።

ጣሳው ጋ ልደርስ ስል ጦር የያዘ ሰው ከቁጥቋጦ ውስጥ ብድግ አለ። የቀድሞ ተማሪዬ ታደሰ ነው።

«መምህር፣ ከንጋት ጀምሮ አድፍጠን ከርከሮው ገና ብቅ ሲል ፊሽካዎ አባረረብን» አለኝ።

«እንዳትወጉኝ ብዬ ነዋ።»

«ብርቱካንማ ለብሶ ፊሽካ የሚነፋ ከርከሮ የት አለ ብለው ነው?»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ግማሹ በቆሎው ተበልቶበታል፤ የቀረው ለልጆቹ የዓመት ቀለብ ነው። ፊሽካዬን አየት አደረገና፣ «ከሰኞ ጀምሮ ማማው ላይ ይቀመጡልኝ» አለ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን ማማውን ሊያሳየኝ ወደ እርሻው መንገድ ጀመረ። ጣሳውን ሳላነሳ ተከተልኩት።

የማማው መሰላል ይነቃነቃል፤ ሰኞ ሚስማር ይዤ መሄድ አለብኝ። በጡረታዬ በቆሎ ጠባቂ ሆኜ መቀጠሬን ለባለቤቴ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።