የሰናይት ጠርሙሶች

ሰኔ 9 ቀን 1988፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ወጥ ቤቱ ዛሬም ተይዟል። ፕሬሸር ኩከሩ ያፏጫል፤ ውስጡ ያለው ግን ምስር አይደለም፣ ጠርሙስ ነው። ሰናይት ጠርሙስ ትቀቅላለች። ክዳናቸውን ላላ፣ አናታቸውን በፎይል ጥቅልል አድርጋ። ምሳዬ ዳቦና ቲማቲም። ጾም ነው፣ ግድ የለም።

ይበስላል ወይ ብላት፣ “ሲበስል ለእርስዎ ነው የማወጣው አባባ፣ ሹካ ያዘጋጁ” አለችኝ። ምላሷ የእናቷ ነው።

ደብተር፣ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልህ። ልጄ እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ካምደን በሚባል ሰፈር ኮርስ ገብታለች። ወረቀት ብቻ የሚነበብበት አይደለም፤ እጅ የሚረጥብበት ነው። በየአገሩ በሐይቅና በወንዝ ዳር ከጥንት ጀምሮ ከኖሩ ትንንሽ ሕዝቦች መካከል ሰው እየመረጡ፣ የገዛ ውሃቸውን ራሳቸው እንዲመረምሩ ያሠለጥናሉ። ከእኛ ከዛዮች የተመረጠችው ሰናይት ናት። የዝዋይ ሐይቅ ደሴት ልጅ! ካለፈች የመመርመሪያውን ሻንጣ ይዛ ደሴታችን ትገባለች። የትኛው ዳርቻ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ሕፃናቱን እንደሚያስቀምጥ ለይታ ታሳያለች። ካልቻለች ሻንጣው ለሌላ ሕዝብ ይሄዳል። አለቀ።

እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ለቤ/ክ ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።

እናቷ አስካለ ብትኖር እልልታዋ ጎረቤት ያስነሣ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ የቀን ውሎዬን የምነግረው አንተን ነው። ለእሷም ጭምር ጻፍኩት።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ኦፍ ነኝ። ባሶቹን ዛሬ ሌላ ሰው ይጠርጋቸው። ከሰፈራችን ከሃርልስደን ተነሥቼ፣ ሳልጠራ፣ ካምደን ሄድኩ። ድልድዩ ላይ ቆሜ ቁልቁል ካናሉን፣ በሰው እጅ የተቆፈረውን የውሃ መንገድ አያለሁ።

እነሰናይት ዳር ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። አስተማሪያቸው ሄዘር፣ ቦቲ ያደረገች ረጅም ሴት፣ ከኋላቸው እንደ ሻለቃ ትመላለሳለች። ከሰናይት ጎን ሎይስ አለች፤ ከሰሜን ካናዳ፣ ከወንዝ ሕዝብ የመጣች ጎልማሳ። ሳቋ ድልድዩ ድረስ ይሰማል። ውሻ የሚያናፍስ ሽማግሌ ቆም ብሎ ምን እንደሚፈልጉ ቢጠይቅ፣ ባሌ ገብቶ ቀረ፣ እሱን ነው አለችው። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። ምስኪን፣ አምኗታል።

የሰናይት ተራ። ጠርሙሱን ከፈተች። ክዳኑን መሬት አላስነካችም። አፉን ወደ ታች፣ ክንዷ እስኪጠልቅ፣ ከዚያ ቀና። ዘጋች። እኔ ከላይ “ኧረ አለቅልቂው!” ልል ለጥቂት። እኛ ዘንድ ሳይለቀለቅ ውሃ የሚቀዳበት ዕቃ የለም። ቤት ስንገባ ጠየቅኳት። የተቀቀለ ጠርሙስን ማለቅለቅ ማቆሸሽ ነው አለች። ውስጡን ከሚመረመረው ውሃ በቀር ምንም አይነካውም። ምንም።

እሺ አልኩ። የሰማሁ መሰለኝ።

እጇ ግን! አይንቀጠቀጥም። ድልድዩ ላይ ለማላውቀው ፈረንጅ “ያቺ የኔ ልጅ ናት” አልኩት፣ በአማርኛ።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ፣ ቅ/ሚካኤል፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ዛሬ ዋናው ፈተና ነው። ሰናይት ተኝታለች። ሻንጣዋ ኮሪደሩ ላይ ተዘጋጅቷል፣ ጠርሙሶቹ በተርታ።

ዳዊቴን ደግሜ ጨረስኩ። ዓይኔ ሻንጣው ላይ ዋለ። በሚካኤል ቀን፣ እንዲህ ያለ ሥራ፣ ያለ ጠበል? ለፋሲካ ከአገር የመጣልኝን ጀሪካን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ፎይሉን ቀስ ብዬ ፈታሁ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ እያልኩ ከጣቴ ጫፍ ጠብ፣ ጠብ፣ በየጠርሙሱ። ክዳኑን መለስኩ። ፎይሉን እንደነበረ ጠቀለልኩ፤ ከእሷ ያላነሰ ጥቅልል።

አልነግራትም። በረከት ሲያወሩት ይቀልላል። ሌሊቱን ሙሉ የተኛሁ ያህል ዐረፍኩ።

ማታ፦ ተመለሰች። እየዘፈነች። ሁሉም ጥሩ ሄዷል። ውሃው ተጣርቶ በትናንሽ ሳህኖች ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ አድሮ ነገ ይታያል። ቢጫ ነጠብጣብ ካወጣ ቆሻሻ አለበት ማለት ነው። ካናሉ እንደሚያወጣ የታወቀ ነው። ከቧንቧ የተቀዳው ንጹሕ ይሆናል። “ባዶ” የሚሉትም አለ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ የገባበት፣ የሠራተኛውን እጅ የሚፈትን። እሱ ምንም ማውጣት የለበትም።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ሰናይት አልቅሳለች። ዓይኗ አብጧል። ጠረጴዛው ላይ እንደ ተቀመጠች ነው።

ባዶው ቢጫ አወጣ። የቧንቧውም አወጣ። ሁሉም አወጣ። ሄዘር ወይ መላው ካምደን ነገ ይታመማል፣ ወይ እጅሽ ቆሻሻ ነው አለቻት። በክፋት አይደለም፣ ሥራው እንዲህ ስለሆነ ነው። በባዶው የወደቀ ሰው የሐይቁን ውሃ ክፉ ነው ቢል ማን ያምነዋል? ለመጪው ሐሙስ አንድ ዕድል ሰጥታታለች። ከዚያ በኋላ የለም።

“እንዴት አባባ? ምን ነካሁ?” ትለኛለች። እጇን አገላብጣ ታያለች።

እኔ ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት። ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨመርኩ መሰለኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሻንጣው። ጣቴ። የሚካኤል ጠዋት።

ደብተር፣ ባዶው ባዶ አልነበረም።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

አልነገርኳትም። ልነግራት ሁለቴ በሯ ድረስ ሄድኩ።

ለምን? ራሴን ልመርምር። ቁጣዋን ፈርቼ? እሱስ ያልፋል። ብነግራት፣ ጠበሉ ቆሻሻ ነው ማለቴ እንዳይሆን ነው የፈራሁት። አስካለ ስትታመም ያጠጣኋትን? አፌ እንዴት ይበለው? ዝም ብል ደግሞ ልጄ በገዛ እጇ ታፍራለች። ሳይበድል የተቀጣ እጅ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ጥፍሯን በብሩሽ ስትፍቅ ሰማኋት። ፍቅፍቁ አያባራም።

ሥራ ላይ ባስ ስጠርግ አንድ መስኮት ብቻ ስወለውል ዋልኩ። አለቃዬ፣ ንግሥቲቱ በዚህ ልትሄድ ነው እንዴ አለኝ።

ሰኔ 16፣ እሑድ፣ ኪዳነ ምሕረት

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን፣ አባን ለብቻቸው ያዝኳቸው። ሁሉንም አወራሁ። እየሰሙ ጢማቸውን ይጎትታሉ።

“ጀሪካኑን አጥበኸው ታውቃለህ?” አሉኝ።

“አባቴ፣ የጠበል ዕቃ ደግሞ ይታጠባል?”

“ከቅዳሴ በኋላ ጽዋው ይታጠብ የለም እንዴ? ነው ወይስ እኔ ሳጥብ ተኝተህ ነው?”

በረከቱ አይቆሽሽም፣ ፕላስቲኩ ይቆሽሻል አሉ። ስንቱ ከንፈሩን ገጥሞ ጠጥቶበታል፣ ያንተስ ጣት ከየት መጥቶ ነው? “ጣትህን ማን ቀደሰልህ?” አሉኝ። ሳቃቸውን ዋጡት። ዛሬውኑ ንገራት፣ ሳትነግራት ለቁርባን እንዳትመጣ።

ነገርኳት። ከባስ እንደ ወረድን፣ መንገድ ላይ፣ ቤት እስክንገባ አልጠበቅኩም።

ቆመች። “አባባ! እጄን እስኪደማ ስፍቅ እየሰሙ?” ብላ መንገዱን ቀድማኝ ሄደች። ከኋላዋ ተከተልኳት። በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ። ጀሪካኑ የት ነው አለች። ሰጠኋት። ከእሱም ናሙና ቀዳች፤ በተቀቀለ ጠርሙስ፣ ሳታለቀልቅ።

አኩርፋም ሥራዋን አልረሳችም። የኔ ልጅ።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

የጀሪካኑን ሳህን አመጣችልኝ። እንደ ሰናፍጭ ፍሬ፣ ቢጫ በቢጫ። አየሁ። አማተብኩ። ጀሪካኑን በፈላ ውሃ አጠብኩት፣ ሦስት ጊዜ፣ በሥላሴ ስም።

ክፍል ውስጥ ሁሉንም ተናግራለች። እኔን መሣቂያ አደረገችኝ ብዬ ነበር። ሎይስ ግን አልሳቀችም አለች። እሷም አገሯ አያቷ ከወንዙ ውሃ ከመቀዳቱ በፊት ለበረከት ብለው ትምባሆ ይበትናሉ፤ እኔም የምፈራው ይህንኑ ነበር ብላለች። ሄዘር ደግሞ ሰናይትን አፋጠጠቻት። ደሴታችሁ ላይ ሽማግሌ ጠበል ይዞ ሲመጣ ምን ልታደርጊ ነው? ልትከለክዪው?

አልከለክልም አለች ልጄ። የሚከለከል አይደለም፣ ብከለክለውም ዘወር ስል ያደርገዋል፣ አባቴ አድርጎታል። ይልቅ ሥራውን በእሱ እጀምራለሁ። ሻንጣው ተዘግቶ ይባረካል፤ ከላይ፣ ከውጭ። እሱ ሲጨርስ እጄን ታጥቤ እኔ እከፍታለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካም፣ ቄስም ቢሆን።

ሄዘር ጠመኔ አነሣች አሉ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፣ ከመጀመሪያው የሥራ ደረጃ በላይ።

ደረቴ አልችል አለኝ። ጥፋቴ ለትምህርት ስለዋለ አይደለም፤ ያን የምትል ልጅ ስለሆነች ነው። ሽማግሌም ሳታዋርድ፣ ሥራም ሳታበላሽ።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ተጠራሁ! በስሜ። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጠላዬን በኮቴ ላይ።

ካናሉ ዳር ሻንጣው ተዘግቶ ተቀመጠ። የታጠበው ጀሪካን፣ አዲስ የተባረከ ጠበል፤ አባ እሑድ የሰጡኝ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ ከላይ ረጨሁ። ሎይስ ዓይኗን ጨፈነች። ሄዘር እጇን የት እንደምታደርግ ጠፋባት፣ ኋላ አጣመረችው። ሳይክል የያዘ ልጅ ደወሉን እያቃጨለ አለፈን።

ጨረስኩ። ሰናይት አየችኝ። ገባኝ፤ ወደ ኋላ ተራመድኩ። እጇን ታጠበች። ከፈተች።

እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ጣቶቼን አሰርኳቸው ብል ይቀላል።

ሰኔ 21፣ ዓርብ፣ ማርያም

ባዶው ባዶ ነው! የቧንቧውም ንጹሕ። ካናሉ እንደ ለመደው፣ ቢጫ በቢጫ፤ እሱን ይማረው።

አልፋለች። ሻንጣው የዛዮች ነው። እመቤቴ፣ ምን እላለሁ። ጋራዥ ውስጥ ለሁሉም ነገርኩ። ለጃማይካዊው፣ ለአይሪሹ። የትኛው ሐይቅ ሲሉኝ አቧራ የያዘ የባስ መስታወት ላይ በጣቴ ሣልኩላቸው። ደሴቶቹን ነጠብጣብ አድርጌ። ከዚያ ማጥፋት አቃተኝ፤ ባሱ ከነሐይቁ ወጣ።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ጾም ፈታን። ሰናይት ዶሮ ሠራች፣ ጨው በዛበት፣ ሁለታችንም አላነሣነውም።

ቦታ ቡክ ላድርግልዎ ወይ አለችኝ። እሑድ ትበራለች። ነገ እነግርሻለሁ አልኩ።

ደብተር፣ ያሰብኩትን ስማ። አብሬያት ብሄድ፣ ጀልባው ሲደርስ ሽማግሎቹ ወደ ማን ይመጣሉ? ወደ እኔ። እሷ ሻንጣውን ተሸክማ ትቆማለች፣ እነሱ እኔን ይጠይቁኛል፤ ውሃው እንዴት ነው፣ ምን ይሻላል። ደንባችን ነው፣ አባት ባለበት ሴት ልጅ አትጠየቅም። እኔም አፌን አውቀዋለሁ፣ እመልሳለሁ። እሷ የለፋችበትን እኔ እናገረዋለሁ። በፍቅር ነው የማደርገው። ያን ቀን ጠዋትም በፍቅር ነበር።

ደሴቱን ማየት እፈልጋለሁ። በጣም። የአባቴን መቃብር። አንዲት ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ ከሐይቁ እንደወጣች። ግን ይህ ሁሉ የኔ ነው እንጂ የሥራው አይደለም።

ሐምሌ 7፣ እሑድ፣ ሥላሴ፣ ጠዋት 11 ሰዓት

ትናንት እንደማልሄድ ነገርኳት። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ምክንያቱን ስነግራት ደግሞ አጠገቤ ተቀመጠች። “እኔን ሲጠይቁኝ ባይመቻቸውስ?” አለች። “አይመቻቸውም። ግን ሌላ የሚጠይቁት የለም፣ አንቺኑ ይጠይቁሻል” አልኳት። በኋላ ይምጡ፣ ሥራው ሲለመድ አለች። ከጠራሽኝ እመጣለሁ አልኩ። ስትጠራኝ ብቻ።

አሁን ሻንጣው በሩ ላይ ነው። ቀበቶዎቹ ጠብቀዋል። ተንበርክኬ ጠበሉን ከላይ ረጨሁ። ከፎቅ ስትወርድ አየችኝና ሳቋ አመለጣት፦ “አባባ፣ መክፈት የለም!”

“አልከፍትም” አልኳት። ግንባሯን ሳምኩ። ከግንባሯም ላይ ረጨሁ፣ ከውጭ።

ታክሲው ጡሩምባውን ነፋ። ሻንጣውን ላንሣልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ቀድማ አነሣችው። እጄን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።