ሰው ያለው ወንበር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እግርሽ ማበጡን ተወ ወይስ እንደዚያው ነው? ሐኪሙ ከአልጋ አትውረጂ ያለሽን ትሰሚያለሽ ወይስ ባልሽ ዞር ሲል ተነስተሽ ቤት ትጠርጊያለሽ? እሱስ ደህና ነው? ሆድሽ ውስጥ ያለው ሰውዬስ እንዴት ነው፤ አሁንም ሌሊት ሌሊት ኳስ ይጫወታል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ አባዬም ሥራ ገብቷል ማለቴ ነው። ሌላውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

በስልክ ከመናገር መጻፍ የመረጥኩት ወድጄ አይደለም። አንቺ «ሄሎ» ስትዪ አያታችን እናና ታለቅሳለች፤ እናና ስታለቅስ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ አባዬ ስልኩን ተቀብሎ «በሉ ይብቃ» ይላል። ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል፣ ወሬው ሳይነገር ይቀራል። እማዬ ከሞተች ወዲህ አንድም ነገር እስከ መጨረሻው ተነጋግረን አናውቅም። ደብዳቤ ግን ቢያለቅሱበትም አይቋረጥም።

ወሬው ስለ ጎጆ ነው። መቼም አትረሺያትም፤ ያቺ አልጋ፣ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ በሆዷ ይዛ የምትዞር አሮጌ መኪናችን፤ ቤት ናት እንዳይሏት ጎማ ያላት፣ መኪና ናት እንዳይሏት መጋረጃ ያላት። አንቺ ለቀብሩ መምጣት ስላልቻልሽ፣ ትምህርት ሲዘጋ በእሷ ተጭነን እኛው እንደምንመጣ አባዬ የነገረሽ ጊዜ ምን እንዳልሽው ታስታውሻለሽ? «የኋላው አግዳሚ ላይ ቀበቶ ሳታስገባ እነሱን ጭነህ እንዳትመጣ፤ ብትመጣም በር አልከፍትልህም» አልሽው። «እናንተስ ያደጋችሁት እዚያው አግዳሚ ላይ አይደል?» ሲልሽ አጠገቡ ነበርኩ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን «እውነቷን ነው፤ አሁን ያዙ የሚል የለም» አለኝ።

እውነትም እታለም፣ እስከዛሬ ቀበቶአችን የእማዬ ጩኸት ነበር። ጋቢና ተቀምጣ፣ ብርቱካን እየላጠች፣ አባዬ እንዳያንቀላፋ የሰፈሩን ሁሉ ወሬ እያወራችለት፣ መታጠፊያ ገና ከሩቅ ስታይ «ያዙ!» ትላለች። እኛም ከኋላ ጠረጴዛውን ጥርቅም አድርገን እንይዛለን። አንዴ አንቺ ጸጉርሽን ስትሠሪ ሳትይዢ ቀርተሽ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ቁጭ ያልሽው መቼም ከልቤ አይጠፋም።

ሥራውን መጀመሪያ እኔና አባዬ ራሳችን ሞከርነው። ታውቂዋለሽ፣ መዶሻ እጁ ካለ ባለሙያ አይጠራም። ከተፈታ መኪና ሦስት ቀበቶ አገኘ፤ አንዱ ለእናና፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለትንሿ እህታችን። እሷ አሁንም ያቺው ጉንዳን ናት፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልለመደችም። የአግዳሚውን ሳንቃ በስተን ቀበቶዎቹን በረጃጅም ብሎን አሰርናቸው። ሲያዩት ያምራል። አባዬ «ዝሆን አይነቅለውም» አለ። ጉንዳን ግን «ዝሆን ስለሌለ ነዋ! መጀመሪያ ይሞከር» አለች። ትልቁን ጀሪካን ውሃ ሞልተን በእናና ቦታ አስቀመጥነው። ጉንዳን ቀበቶ አሰረችለት፤ አልበቃ ብሏት የእናናን ሻሽም አሰረችለት። እኛ ሜዳው ዳር ቆምን፤ አባዬ ብቻውን ትንሽ ፈጠን ብሎ ነዳና ፍሬን ያዘ።

ቀበቶውስ አልተፈታም፤ እውነቱን ለመናገር ቀበቶው ጎበዝ ነበር። ሳንቃው ነው ከነቀበቶው ከነብሎኑ ተገንጥሎ የሄደው። ጀሪካኑ ሻሹን እንዳሰረ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ከምድጃው ተላተመና ፈነዳ። በሩን ስንከፍተው ውሃው እግራችን ላይ ወረደ። እናና ይህን ሁሉ ቆማ ታይ ነበር። «ይቺ እኔ ነኝ አይደል? ልጄን ቶሎ እንድከተላት ከፈለጋችሁ ንገሩኝ እንጂ ምን ያስደብቃችኋል!» አለች። ከቀብሩ ወዲህ በቤታችን ሳቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አባዬም ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ የተሰበረውን ሳንቃ ይለቅም ጀመር።

በማግስቱ ወደ ጋራዥ ወሰድናት። ባለ ጋራዡን ሰዉ ሁሉ ብሎን ነው የሚለው፤ አጭርና ድፍን ስለሆነ ይመስለኛል። ጉንዳን የጀሪካኑን ነገር ስትነግረው የተገነጠለውን ሳንቃ አገላብጦ አየና «ማነው የሠራው?» አለ። አባዬ እኔን አየ፤ እኔ አባዬን አየሁ። «ገባኝ። እናንተ ሰው ያሰራችሁት ከቁም ሳጥን ጋር ነው» አለን። ቀበቶ የሚታሰረው ከእንጨት ጋር ሳይሆን ከመኪናው አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር ነው፤ አግዳሚው ሥር የብረት ወንበር ተበይዶ፣ ብሎኑ ወለሉን አልፎ ከታች ያለውን ወፍራም ብረት መያዝ አለበት አለ። ከዚያ ከሥሯ ገባ። እግሩ ብቻ እየታየ ሲያንኳኳ ቆየና ከዚያው ሆኖ «ሁለት!» ብሎ ጮኸ። በአንድ በኩል የውሃ ታንከሩ ስላለ ብረት የሚገኘው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። አባዬ ሦስተኛውንም በዘዴ አድርግልን ብሎ ለመነው። ብሎን እጁን እየጠረገ ወጣና «ጌታዬ፣ ልጅህን ታንከር ላይ ሳስረው ከውሃ ጋር አሰርኩት ማለት እኮ ነው፤ ውሃ የት እንደሚሄድ ትናንት አይተሃል። ደግሞስ ምን ያስጨንቀናል? ጋቢና ቀበቶ ያለው ወንበር ባዶውን ተቀምጦ!» አለው።

አባዬ «እሱ ወንበር ሰው አለው» አለ።

ብሎን «አራት ነን አላልከኝም እንዴ?» ብሎ በጣቱ ይቆጥረን ጀመር። እኔ ወለሉን አየሁ። ጉንዳን ናት «የእማዬ ነው። እማዬ ሞታለች» ያለችው። ብሎን ጣቶቹን አጠፈ። «እግዜር ያጽናችሁ» አለና መፍቻውን አንስቶ ተመልሶ ከሥር ገባ።

ከእማዬ ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም እታለም። ለእማዬ አጭር እግር ወደፊት እንደተጠጋ ነው ያለው። በሩ ኪስ ውስጥ መነጽሯና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ አለ። አባዬ በዚያ በኩል ያለውን መስታወት ይወለውላል፤ ወንበሩን ግን አይነካውም። እኔም ብሆን ዕቃ ሳወጣ ክርኔ እንኳ እንዳይነካው እጠነቀቃለሁ።

ያን ቀን ማታ አባዬ «አንተ ትልቅ ሰው ነህ። እናናና ጉንዳን ከኋላ ይታሰራሉ፤ አንተ አጎትህ ዘንድ ትቆያለህ፤ ደርሰን እንመለሳለን» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ያለው አፌ ብቻ ነው። ባዶ ወንበር ጭኖ እኔን ትቶ ሊሄድ ነው ብዬ ሆዴ ባሰ። አንቺ ስትስቂ ልክ እንደ እማዬ ነው የምትስቂው፤ ያንን ለመስማት እንደጓጓሁ ለማንም አልተናገርኩም። ግን ደግሞ «ጋቢና እኔ ልቀመጥ» ማለትም አቃተኝ፤ እኔም ያ ወንበር ሰው ያለው ይመስለኝ ነበር።

ሥራው አልቆ ጎጆን ልንወስድ ስንሄድ እናና «የምታሰርበትን ልየው» ብላ አብራን መጣች። የኋላውን ቀበቶ ሳብ ሳብ አድርጋ አየችው። ይዟል። ከዚያ ቁጭ ትላለች ስንል ወርዳ በፊት በኩል ዞረች፤ የጋቢናውን በር ከፍታ፣ እየቃተተች ወጥታ፣ የእማዬ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አባዬ «እማማ፣ እባክዎን» አላት። «ምነው? ልጄ እዚህ ላይ ነው እንዴ የሞተችው? አልጋዋ ላይ ነው። አንተም አልጋዋን ለቀህ ሜዳ አላደርክም። የወለድኳት እኔ ተቀምጬበታለሁ፤ ምንም አላለኝም» አለችው። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ «እኔ ግን ለዚህ ወንበር አልሆንም፤ ሞተር ሲነሳ እንቅልፌ ይመጣል። ይሄ ወንበር ሥራ አለው፤ ሹፌር እንዳያንቀላፋ ማውራት ነው። ና፣ አንተ ሥራህን ያዝ» አለችኝ።

እሷ ስትወርድ እኔ ገባሁ። አንቺ ካየሽኝ ወዲህ እንደ ሸንበቆ ተመዝዣለሁና ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ደረሰ። ወንበሩን ወደ ኋላ ልግፋው ግን አላልኩም፤ እንደታጠፍኩ እሄዳለሁ ብዬ ወስኜ ቀበቶዬን አሰርኩ። አባዬ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያይ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ ሳያዞር ጎንበስ አለና ከወንበሬ ሥር ያለውን ብረት ሳበው። በሌላ እጁ ገፋኝ። ወንበሩ ክርክር እያለ ወደ ኋላ ሄደ፣ እግሬ ተዘረጋ።

ብሎን ከኋላ እናናንና ጉንዳንን አስሮ «በሉ እናቴ፣ ከእንግዲህ ከመኪናው አጥንት ጋር አንድ ሆነዋል» ሲላት እናና «የራሴው አጥንት መች አነሰኝ» አለችው። ሜዳው ላይ አባዬ እንደዚያ ቀን ፍሬን ያዘ። ከመደርደሪያው አንድ ኩባያ ወደቀ እንጂ ሌላ የተንቀሳቀሰ የለም። ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንደማወራ ግራ ገብቶኝ ዝም እንዳልኩ፣ ከእንጨት መሸጫው በኋላ ያለው መታጠፊያ መጣ። «ያዙ!» አልኩ። እኔ መሆኔን ያወቅሁት ካልኩት በኋላ ነው። ከኋላ እናናም ጉንዳንም እንደዚያ ታስረው ሳሉ ጠረጴዛውን ጥርቅም አድርገው ያዙ። አባዬ ቀስ ብሎ ታጠፈ። መንገዱ ከቀና በኋላ «ትንሽ ዘገየህ። እሷ ከትልቁ ዛፍ ጀምራ ነበር የምትለው» አለኝ።

እንግዲህ አራታችንም እንመጣለን፤ በር እንዳትዘጊብን። ለመንገዱ የሚሆን ወሬ ከወዲሁ እያጠራቀምኩ ነው። አንቺም የሰፈርሽን ወሬ አቆይልኝ፤ ለመመለሻው ይሆነኛል። ብርቱካን መላጥም እየተለማመድኩ ነው፤ አባዬ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣልከው ይላል፣ ግን ይበላዋል።

እናና «ከአልጋ ብትወርድ እኔ መጥቼ አስራታለሁ፤ አሁን ቀበቶ አውቄያለሁ» ብላሻለች። አባዬ ግንባርሽን ስሞ ሰላም ይልሻል። ጉንዳን «ጀሪካኑ በማን ምክንያት ሞተ ብላ ከጠየቀች፣ ሐሳቡ የእኔ ነው በልልኝ» ብላኛለች። ለባልሽ የከበረ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ አማትሽንም በእኔ ስም እጃቸውን ሳሚልኝ። ሆድሽ ውስጥ ላለው ሰውዬ ደግሞ አጎትህ እየመጣ ነው በይው፤ እስከዚያ ያዝ በይው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤታችን ደጅ፣ ከጎጆ ጋቢና
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው