ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ስለ ተመዘገበው ሞት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? እርስዎ የእኛን ጤና በየሦስት ወሩ በቅጽ እየጠየቁን፣ እኔ የእርስዎን በአንድ መስመር እንኳ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። እኔ በሁለተኛው ፎቅ፣ ከተበላሸው ሊፍት በስተግራ ባለው የውስጥ ደዌ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። በመልክ ባያውቁኝም፣ ባለፈው ሳምንት «በአልጋ ቁጥር ዘጠኝ የተኙት ታካሚ የሞት ሰዓት በሰባት ደቂቃ ዘግይቶ የተመዘገበበትን ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ» የሚል ደብዳቤ የፈረሙባት ሴት እኔ ነኝ። መልሱን ለእርስዎ ብቻ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የእርስዎ ደብዳቤ እጄ ከመግባቱ በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ስላገኘሁት፣ የእኔም ከጎኑ ቢለጠፍ ሰሌዳው ይደምቃል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትኩረትዎ አመሰግናለሁ። በእነዚህ ዓመታት በእጄ ላይ ስንት ሰው እንዳለፈ ጠይቆኝ የሚያውቅ አለቃ የለም፤ የአንዱ ሰው ሰባት ደቂቃ ግን ከእርስዎ ዓይን አላመለጠችም። ምክንያቷን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ስላለብኝ፣ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከስምንት ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት ሦስት ሰዎች ሞቱብን። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ልጃቸው አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስትንሰቀሰቅ፣ እኔ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ እያየሁ አንሶላው ከእጥበት ክፍል መጥቶ ይሆን ወይስ አልመጣም እያልኩ አስብ ነበር። ክፋት አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ታናሽ እህቴ ደውላ «አክስታችን አረፈች» አለችኝ። አክስቴ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ ሴት ናት። እኔም «ስንት ሰዓት ላይ?» ብዬ ጠየቅኳት። እህቴም «አንቺ ግን ሰው ነሽ?» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። ሁለት ወር አላነጋገረችኝም፤ እኔም አልፈረድኩባትም። የባሰው፣ እሱም ቢሆን እምብዛም አልተሰማኝም።

ይህን የነገርኩት ሰምቶ ለማይደነግጥ ሰው ነው። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ፣ በራቸው ላይ ወንበር ዘርግተው ሁልጊዜ ልብ ወለድ ያነባሉ። «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ሬሳ ሲቀበሉ እየዋሉ፣ ደግሞ ሰው የሚሞትበት መጽሐፍ ያነባሉ?» አልኳቸው።

«እዚህ ውስጥ የሚሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው» አሉኝ፣ መጽሐፉን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። «ለእሱም መቶ ገጽ ሙሉ ይታዘንለታል። እኔ በር ላይ የሚመጣው ሁሉ ግን ግማሽ መስመር ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰዓት። እኔ የእነዚያን ሐዘን እዚህ ላይ አወጣዋለሁ፣ ልጄ። አለዚያማ የት አደርሰዋለሁ?»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየሐሙሱ፣ በምሳ እረፍታችን፣ በአንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ሃያ ደቂቃ እናነብ ጀመር። አምስት ነበርን፤ ጋሼ፣ እኔ፣ የኦክስጅን ሠራተኛው፣ እትዬ የምንላቸው የእኛንም የሕፃናቱንም ክፍል የሚያጸዱ ሠራተኛና አንድ ወጣት ሐኪም። ጋሼ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ እንደ ጨረታ አሻሻጭ እየጮኹ ያነባሉ። ሕጋችን አንድ ነበር፤ «ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። የኦክስጅን ሠራተኛው ግድግዳ ተደግፎ ያንኮራፋል፤ ጋሼ አንድ ገጽ ከዘለሉ ግን ዓይኑን ሳይገልጥ «ዘለሉት!» ይላል።

ወጣቱ ሐኪም በዚያ ሰሞን ከትእዛዝ በቀር ከአፉ ቃል የማይወጣው ሰው ሆኖ ነበር። የሁለት ልጆች እናት እጁ ላይ ሞታበት፣ ባልየውን ኮሪደር ላይ ቆሞ በሁለት ቃል አርድቶት ሄደ። ባልየው ልብስ ሰፊ ነው። በየሳምንቱ እየመጣ፣ ሚስቱ እንዴት እንደ ሞተች የሚነግረው ቢያገኝ ብሎ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ግን እሱን ሸሽቶ በጓሮው ደረጃ ይወጣል። አንድ ሐሙስ ጋሼ የሚያነቡት ታሪክ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሽማግሌ በየጠዋቱ ጫማዋን ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣበት ነበር። ሐኪሙ ድንገት ተነሥቶ ወጣ። የሰለቸው መስሎን ነበር። በኋላ ስወጣ ከልብስ ሰፊው ጎን ተቀምጦ አገኘሁት።

«ባለቤትዎ እስከ መጨረሻው ነቅተው ነበር» ይለዋል። «የጠየቁኝ ስለ ልጆቹ ነው፤ ምሳ በልተው እንደሆነ። ያን ቀን ልነግርዎ ይገባ ነበር። አቃተኝ።»

ልብስ ሰፊው የሐኪሙን ደረት አየት አደረገና «ዶክተር፣ የጋውንዎ ቁልፍ ተበጥሷል» አለው። «ያውልቁትና ይስጡኝ፤ እተክለዋለሁ።»

ሁለተኛ፣ ስለ ሰርኩላርዎ አመሰግናለሁ። «ከሥራ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን ጽሑፎች በዝግ ክፍል ተሰብስቦ ማንበብ» የተከለከለው ከዚያ ሐሙስ ልክ በወሩ ነው። ክፍሉ ተቆልፎ «የሠራተኛው ደስታ የታካሚው ፈውስ ነው» የሚሉ ፖስተሮች እስከ ጣሪያው ድረስ ተከምረውበታል፤ ደስታችን በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ በመጋዘን መያዙ ያጽናናል። ጋሼም ጡረታቸው ስምንት ወር ሲቀረው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ወደ መኪና መግቢያው በር ተዛወሩ። አሁን የታርጋ ቁጥር ይመዘግባሉ። መጽሐፋቸውን ቤታቸው ትተው ነው የሚመጡት፤ ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ለታርጋ የሚያዝን የለም» አሉኝ።

ሦስተኛ፣ በምትኩ ስላቋቋሙልን የሥነ ልቦና ድጋፍ ኮሚቴ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሚቴው አሠልጣኝ አምጥቶ ግማሽ ቀን ሙሉ እንዴት እንደሚተነፈስ አስተምሮናል፤ ትንፋሽ ሲቆም በየቀኑ ለምናይ ሰዎች ይህን የሚያህል የታሰበበት ሥልጠና አልተሰጠም። ቅጹም ደርሶናል። «በሩብ ዓመቱ ያስተናገዱት ሞት ብዛት» ይላል፤ ቀጥሎም «ሐዘንዎን ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ይመዝኑ» ይላል። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው። አሰብ አድርገው «የሕፃናቱ ለብቻ ነው ወይስ ተደምሮ?» አሉኝ። ሦስት ብዬ ሞላሁላቸው። ወጣቱ ሐኪም ስድስት ብሎ ሞላ፤ ቅጽ አበላሽተሃል ተብሎ ቢሮዎ ተጠራ። በሳምንቱ ዝውውር ጠየቀ፤ እርስዎም በአንድ ቀን ፈቀዱለት። በዚህ ሆስፒታል በአንድ ቀን ያለቀ ጉዳይ እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰባቷ ደቂቃ ደረስኩ። ሰርኩላርዎ የከለከለው በዝግ ክፍል መሰብሰብን ስለሆነ፣ እኛም ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን፣ በምሳ እረፍታችን በየተራ ለታካሚዎች በግልጽ ማንበብ ጀመርን። አልጋ ቁጥር ዘጠኝ ላይ የተኙት ሰው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሾፌር ነበሩ። ሕክምናው እንደማይረዳቸው ከእሳቸውም ከባለቤታቸውም ጋር ተነጋግረን፣ ሕመማቸውን ብቻ እናስታግስ ነበር። ምን እናንብብልዎ ስላቸው «መንገድ ያለበት ይሁን» አሉ። መንገድ ያለበት ፈልጌ አራት ቀን አነበብኩላቸው። መኪናው ዳገት ላይ ሲደርስ «ማርሽ ይቀንስ እንጂ!» ብለው ባለታሪኩን ይቆጡታል።

በአምስተኛው ቀን ባለቤታቸው ልብስ ሊቀይሩ ቤት ሄደዋል። እኔ አነባለሁ፤ እትዬ መወልወያቸውን ተደግፈው ይሰማሉ። ገጹ መሃል ላይ ትንፋሻቸው ቆመ። ወዲያው አወቅኩት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። መጽሐፉን አጥፌ ብድግ ስል፣ እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ጨርሺላቸው እንጂ። ሰው ወሬ መሃል ላይ ይሸኛል እንዴ?»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። በአንድ እጄ እጃቸውን ይዤ፣ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አልዋሽዎትም፣ አላለቀስኩም። እንባ የሚባል አልመጣም። ግን ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ፤ የያዝኩትም እጅ ገና ይሞቅ ነበር፤ መሞቁንም አወቅኩት። ከዚያ ተነሥቼ ዓይኖቻቸውን ከደንኩና በዚያች ደቂቃ ያየሁትን ሰዓት ጻፍኩ። አልጋቸው አጠገብ የልብ ምታቸውን የሚመዘግበው ማሽን ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ብሏል፤ እኔ ሰባት ከሃያ። ማሽኑ ትክክል ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የተጠየቅኩት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ምዕራፉ ረጅም ነበር።

ከእርስዎ ቢሮ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ፣ በማይጓደል አክብሮት፣ ቀጣዩን ማስጠንቀቂያዎን በትዕግሥት የምጠባበቅ፣
ታዛዥዎ፣
የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ከትናንት በስቲያ የሾፌሩ ባለቤት የሟቹን ልብስ ሊወስዱ መጥተው ነበር። «ምን ነበር የምታነቢለት? መጨረሻውስ እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥንና ከመጽሐፉ የቀረውን አሥራ አንድ ገጽ ላነብላቸው ጀመርኩ። ከሦስተኛው ገጽ በኋላ አንባቢዋ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ አልቻልኩም። ቀጣዩን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲያዘጋጁ እንዳይቸገሩ የዚህኛውን ሰዓት በትክክል ይዤዋለሁ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አራት ከሃያ አምስት፣ በሥራ ሰዓት፣ በዋናው ደረጃ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየን።