በደምለው ጉንጭ ውስጥ ስለተገኘው ነገር

ለተከበሩ ጓድ ዋሴ
የእርሻችን ጤና ኬላ ኃላፊና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊቀ መንበር
በግድግዳ ጋዜጣው ሰሌዳ በኩል

ኅዳር 1974 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ፤ ራስዎን አይፍለጥዎት፣ አንገትዎ አይበጥ፣ አፍዎም እንደተለመደው ለንግግር የተከፈተ ይሁን። በተለይም ባለፈው በጋ በጤና ኬላው ላንድሮቨር ጎንደር ድረስ ሄደው ያስገጠሙት የወርቅ ጥርስ ለማኘክም ሆነ በስብሰባ ላይ ለማብረቅረቅ እንከን እንዳይገጥመው ልባዊ ምኞቴ ነው። ሂስ ያለው ሰው በግልጽ ይጻፍ፣ ሰሌዳው ለሠራተኛው ክፍት ነው ብለው ስላወጁ፣ እኔም ከጋራዡ ዘይት እጄን ታጥቤ በተሰጠኝ መብት ለመጠቀም ተነሥቻለሁ።

ጉዳዩ ደምለውን ይመለከታል። በየዓመቱ ከሞጣ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ይወርድ የነበረው ቀጭን ሰው ነው። በስሙ ባያስታውሱት በጉንጩ ያስታውሱታል።

አንደኛ፤ ስለ አስፕሪኑ ምስጋና አቀርባለሁ። ደምለው በነሐሴ አረም ላይ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲቀምስ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ እንደሚጠዘጥዘው ነግሮዎት ነበር። ጥርሱ ላይ አንዲት ጥቁር ቀዳዳ ነበረች፤ የሰሊጥ ፍሬ ቢያስገቡባት ትሞላ ነበር። እርስዎ አፍህን ክፈት ሳይሉት አስፕሪን ሰጡትና እንዳይውጠው፣ ጥርሱ ላይ ይዞ እንዲያሟሟው አዘዙት። ድዱ ተቃጥሎ እንደ ወረቀት ነጣና ተላጠ። ባንድ ክኒን ሁለት ሕመም ማምረት በሌላ ጤና ኬላ የተሰማ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ፈውሱም እንዲሁ። አጨዳው ሊጀመር ሲል ሕመሙ በድንገት ቆመ። እርስዎም በዚሁ ሰሌዳ ላይ የደምለውን መዳን የጤና ኬላው ድል አድርገው ለጠፉ፤ እሱም ማጭዱን ይዞ ወጣ። ኋላ አንድ የጎንደር የጥርስ ሐኪም እንደነገረኝ ግን ሕመሙ የቆመው የሚያመው ሥጋ ስለሞተ ነው። በጥርስ ውስጥ ሥጋና የደም ሥር አለ፤ ብስባሹ እዚያ ሲደርስ ሥጋው ያብጣል፤ ዙሪያው ጠንካራ ስለሆነ ግን የሚሄድበት የለውም። ክዳኑ የተበየደ ራዲያተር ያስቡ። ታፍኖ ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ መግሉም በጥርሱ ሥር ጫፍ ወጥቶ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይገባል። ቀዳዳዋ ትንሽ ሳለች ተፍቃ ብትሞላ ይበቃ ነበር። ያ ካለፈ የሥሩ ውስጥ ተጠርጎ ይደፈናል፤ ይህም ካልተቻለ ጥርሱ ይነቀላል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ የነገረኝ ኮሪደር ላይ ቆሞ እጁን እያደረቀ ነው።

ሦስተኛ፤ በአጨዳው መካከል ደምለው ጉንጩ አብጦ ስለተገኘበት ስብሰባ። ከማዶ የሚሾልከው የሱዳን ሱረት፣ ቶምባክ የሚሉት፣ በሥራ ሰዓት ጉንጭ ውስጥ እንዳይያዝ ኮሚቴዎ ያወጣውን ደንብ ሁላችንም እናከብራለን። እርስዎ ሁለት ሥልጣን አለዎት፤ ጠዋት ነጭ ጋውን ይለብሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሊቀ መንበር ይሆናሉ። የደምለውን ጉንጭ ጠዋት ቢያዩት ኖሮ እብጠት ነበር። ከሰዓት በኋላ ስላዩት ኮንትሮባንድ ሆነ።

«ትፋው» አሉት በሰው ፊት አስነሥተው። መንጋጋው ስለተቆለፈ አፉን መክፈት አልቻለም፤ እርስዎ ይህንን እንደ እምቢታ ቆጠሩት። በጥርሶቹ መካከል «ጌታዬ፣ ጥርሴ ነው» አለ።

«ጌታ የሚባል ቀርቷል» አሉት፤ «ጓድ በል፤ ከዚያ ትፋው።»

«ጓድ፣ ጥርሴ ነው» አለ።

አጠገብዎ የተቀመጡት ሳቁ። በጉንጩ የያዘውን እስኪተፋ ድረስ ከእርሻው የሚያስወጣው የይለፍ ወረቀት እንዳይሰጠው ወሰኑ፤ ስሙም በቶምባክ ተከሳሽነት ተለጠፈ። በሕክምና ታሪክ በስብሰባ ድምፅ ብልጫ የተወሰነ የመጀመሪያው ምርመራ ሳይሆን አይቀርም።

አራተኛ፤ ወደ ጎንደር ይሂድ ብለን ስንለምንዎት ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፣ ይፈነዳል፣ ይረግፋል፣ ስለዚህ አንድም አጫጅ አይለቀቅም አሉን። እውነት ነው፤ ይህን የማያውቅ የቆላ ሰው የለም። ሰሊጡ አልረገፈም።

ስሙን የማልነግርዎ የጭነት መኪና ሾፌር ደምለውን በጆንያዎች መካከል አስቀምጦ የፍተሻ ኬላውን አሳለፈው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። እብጠቱ ከጉንጩ ወደ አገጩ ሥር፣ ከዚያም ወደ አንገቱ ወርዶ ነበር። ምላሱ ወደ ላይ ተገፍቶ ምራቁን መዋጥ አቅቶታል። ሊተኛ ቢሞክር ትንፋሹ ይቆማል፤ ስለዚህ እስከ አዘዞ ትከሻዬን ይዞ ተቀምጦ ሄደ። የጎንደር ሐኪሞች አገጩን ከሥር ቀድደው መግሉን አፈሰሱ፣ ጥርሱን ነቀሉ፣ ፔኒሲሊን ወጉት። መግሉ ግን ቀድሟቸው ወደ ደረቱ ወርዶ ነበር። በማግሥቱ ሞተ። ሐኪሙም «በሳምንት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ በእግሩ ይመለስ ነበር» አለኝ። ስመለስ በሰሌዳው ላይ ሥራ ጥሎ የጠፋ ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ስለ ትክክለኛነቱ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን በእርግጥም ጥሏል።

አምስተኛ፤ ይህን ያህል የጻፍኩት ለሞተ ሰው አይደለም። ዛሬ ጠዋት ሌላው አጫጅ ቢሻው በዚህ ሐሩር ፊቱን በፎጣ ጠቅልሎ ሰሊጥ ሊያራግፍ ሲወጣ አየሁት። ፎጣውን ገለጥ ባደርገው ግራ ጉንጩ አብጧል፤ የወባ ትኩሳት የመሰለ ትኩሳትም አለው። ጥርሱ ቀድሞ ያመው እንደነበር፣ ከሰነባበተ በኋላ ግን እንደተወው ነገረኝ። ለምን ጤና ኬላ አትሄድም ብዬ ብጠይቀው፣ «ትፋ ይሉኛል» አለኝ።

የተከበሩ ጓድ፣ ሰው ከሕመሙ ይልቅ ሐኪሙን እንዲፈራ ያደረጉበትን ብቃት ሳላደንቅ አላልፍም። ሆኖም የቢሻውን የይለፍ ወረቀት ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲፈርሙለት በትሕትና እጠይቃለሁ። ላንድሮቨሩ ያለ ሥራ ቆሟል፤ ሞተሩን ያደስኩት እኔ ስለሆንኩ ጎንደር እንደሚደርስ አረጋግጣለሁ። ወደ ጥርስ ሐኪም የሚወስደውን መንገድም ያውቀዋል። ካልፈረሙ ነገ ጎሕ ሲቀድ በትራክተር ይዤው እወጣለሁ። ኬላው ላይ የሚያስይዙትን ሰው ለማወቅ እንዳይደክሙ ስሜን ከነአባቴ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

ለወርቅ ጥርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ላንድሮቨርዎን በማደስ የማገለግልዎ፣ በስብሰባዎም ከኋላ ቆሜ የማዳምጥዎ፣

ውባንተ ቸሩ
የትራክተር መካኒክ

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ደብዳቤ ሥር በሚስማር የተሰቀለው የክብሪት ቀፎ ባዶ አይደለም። ደምለው በጉንጩ ይዞት የነበረው ነገር ከውስጡ አለ፤ ሐኪሙ ሲነቅለው ለምኜ የወሰድኩት ነው። እንዳዘዙት ተተፍቷል። ቶምባክ መሆኑን ኮሚቴዎ ቀፎውን ከፍቶ ይመርምረው።