ቅዳሜ ያለ ጨዋታ

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱንስ ቻልሽው? እዚያ ሚኔሶታ ከወዲሁ በረዶ ጣለ ሲባል ሰምቼ፣ የላክሁልሽን ወፍራም ካልሲ አድርገሽው ይሁን ወይስ መሳቢያ ውስጥ አጉረሽው እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ እኔም እንደ ልማዴ አልሰማውም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን አቤቱታ ለማቅረብ ነው። ለእግር ኳስ ክለብሽ መዋጮ ብለሽ የሸጥሽልኝ ሻማዎች አላልቅ ብለውኛል። «አጎቴ፣ አንድ ካርቶን ብቻ» ብለሽ ስትለማመጪኝ ሽታቸው የዱባ ኬክ መሆኑን አልነገርሽኝም። ቤቴ ማንም ያልጋገረው ኬክ ሲሸት ከረመ። ትናንት ፖስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ምን እየጋገርኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሻማ ነው ስለው ተቀይሞኝ ሄደ። ሰውን በአፍንጫው አታልሎ መስደድ ነውር ነው፤ ካሳ እፈልጋለሁ።

ቀልዱ ይብቃኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከኮሌጁ ቡድን ከወጣሽ ሳምንታት እንዳለፉ፣ ለእናትሽ ግን «ተቀያሪ ሆኜ ነው» እያልሽ እንደምትነግሪያት፣ ምግብ አዳራሽ ውስጥም የቡድኑ ልጆች ከሚቀመጡበት ሸሽተሽ ጥግ ይዘሽ ብቻሽን እንደምትበዪ ጽፈሽልኛል። ሜዳ ስትገቢ ሥራ የገባሽ እንጂ ልትጫወቺ የወጣሽ አይመስልሽም ነበር አልሽ። ያቺ ቁራጭ ስኮላርሺፕም በዓመቱ መጨረሻ ትቀራለች። ከዚያ ጠየቅሽኝ፤ ያ ሁሉ ወጪና ያ ሁሉ ቅዳሜ ለዚህ ነበር ወይ? ለእማዬስ ምን ብዬ ልንገራት?

የተሳሳተ ሰው ጠየቅሽ። በልጆቹ እግር ኳስ ሊግ ስቀልድ የኖርኩት እኔ ነኝ። ለሊጉ በከፈልነው ገንዘብ ኮሌጁን ራሱን ገዝተን አንቺን ዲን እናደርግሽ ነበር ስል እናትሽ የእጅ መጥረጊያውን እየወረወረች ትስቅ ነበር። በነሐሴ ዕቃሽን መኪና ላይ ስንጭን ግን አልሳቀችም። ስኮላርሺፑ የአንድ ውድድር የሆቴል ወጪ እንኳ አይሸፍንም ያልኩት ያን ዕለት ነው። ያንን ብዬ ባልጨርስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም፤ በስልክም ስለ አየሩ ብቻ ነው የምናወራው። ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን ግን ቅዳሜን አያሳልፍም።

አትሳቂብኝና አንድ ነገር ልንገርሽ። አሁንም ድሮ ትጫወቺበት የነበረው ሜዳ ድረስ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሰውነቴ ራሱ ይነቃል፣ መኪናውም መንገዱን ያውቀዋል። ባለፈው የሄድኩት የኮሌጅ አሠልጣኞች ልጆችን ሊመለምሉ የሚመጡበት ትልቁ ውድድር ላይ ነበር። ብርድ ስለነበር የላክሽልኝን ጃኬት ለበስኩ፤ ደረቱ ላይ የኮሌጅሽ ስም ያለበትን። ከዚያ ፀሐይ ፍለጋ ታጣፊ ወንበሬን ይዤ ወዲያኛው መስመር ተሻገርኩ። ያ ወገን የመልማዮቹ እንደሆነ፣ ወላጅ እዚያ እንደማይቀመጥ፣ መልማይንም ማነጋገር ክልክል እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ረስቼዋለሁ፣ እነሱ ግን አልረሱም።

ጥቂት ሳይቆይ ማዶ ያሉት ወላጆች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዲት እናት ዓይኔን ሳታይ ትኩስ ቡና ከወንበሬ አጠገብ አስቀምጣ ሄደች። ልጆቹም ኳሱን ሁሉ ወደ እኔ በኩል ማምጣት ጀመሩ፤ የመሀል መስመር ተሻግራ የማታውቅ ተከላካይ ሳትቀር እፊቴ ድረስ መጥታ ሁለት ሰው አታለለች። እኔን ታውቂኝ የለ፣ እርሳስ አወጣሁና እንደሚጽፍ ሰው ግንባሬን ቋጠርኩ።

አሥራ አራት ቁጥር የለበሰች ግራ እግረኛ ነበረች። ኳስ በነካች ቁጥር ወደ እኔ ታያለች። አንቺ መጀመሪያ እናትሽን፣ ከዚያ እኔን ታዪ ነበር፤ ስቄ እንደሆነ ለማወቅ። ወደ እኔ ያየ ሰው ከጠፋ ቆይቷል መሰለኝ፣ መነሳት ሲገባኝ እስከ ዕረፍት ድረስ ተቀመጥኩ።

በዕረፍት ሰዓት የልጅቱ አባት መጣ። የጫማውን ክር እንደሚያስር ሰው አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ፣ አንገቱን ሳያቀና በሹክሹክታ ያወራ ጀመር። የትምህርት ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ያን እግር የሰጣት እግዜር ነው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ሲነዱ ኖረዋል፣ ዓሣ የሚያጠምድባትን ጀልባ ሳይቀር ሸጧል። ተስፋ ይኖራት እንደሆነ ብቻ፣ እባክዎ። ክሩን አስሮ መልሶ ይፈታው ነበር። ከዚህ በኋላ ማስመሰሉ አላስቻለኝም።

«መልማይ አይደለሁም፣ ወንድሜ» አልኩት። «የአንዲት ልጅ አጎት ነኝ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ ወደ ሜዳው አየ።

«የቷ ናት ያንተ?»

አብሬው አየሁ። እንደምትገኚ ሁሉ አንድ በአንድ አየኋቸው።

ዛሬ የለችም፣ ኮሌጅ ገብታለች ስለው ዓይኑ በራ። ታዲያ ያዋጣል ማለት ነው? አለኝ። ክሩን አስሮ ጨርሷል፣ አሁንም ቁጢጥ እንዳለ ነው። ምን ልበለው? ልጅህ ከጨዋታ በኋላ መኪና ውስጥ ታወራሃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቤት ውስጥ በሯን ዘግታ ነው የምትውለው አለ፤ መኪና ውስጥ ግን አፏ አያርፍም።

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።

ለአንቺም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ለእናትሽ ንገሪያት። የምትቆጣ ከሆነ ትቆጣ፤ ስትቆጣ ቢያንስ ከአየሩ ሌላ የምናወራው እናገኛለን። ወደ ቤት ነይ አልልሽም፣ አፌ ላይ መጥቶ እየመለስኩት ነው። እስከዚያው ግን ከጥጉ ተነሽና ኳስ ክብ መሆኑን እንኳ የማታውቅ ልጅ ፈልገሽ አጠገቧ ብዪ። ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

እናትሽ ናት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ጥርስ ስታጸዳ የምትውለው እናትሽ። እዚያ ሠፈራችን ካለው ምግብ ቤት የተጠበሰ ራቪዮሊ፣ ያንን ሥጋ የተሞላ የጣሊያን ሊጥ፣ ገዝታ መጥታለች። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ የልጄን ጨዋታ በኢንተርኔት አብረን እንይ አለችኝ። የእሷ ቴሌቪዥን የእኔን እጥፍ ያክላል።

ወጥ ቤት ገብታ ሳህን ስታወጣ እኔ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅዬ ከሶፋው ሥር ወሸቅሁት። የልጅነት ተንኮል አንዳንዴ ይጠቅማል። ይህን የምጽፍልሽ ቆሜ ነው፤ ስትመጣ ብልሽቱን እንደሚፈልግ ሰው ልንበረከክ ተዘጋጅቻለሁ። ጨዋታው ከተጀመረ ቆይቷል። እሷ ግን ሰዓት አልጠየቀችኝም።

መጣች። ተንበርክኬ አየችኝ። ሁለቱን ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ወንበር ሳበችና ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ተቀመጠች።

«ተወው፣ አትክፈተው» አለችኝ። «ና፣ ሳይበርድ እንብላ።»

ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም። ይህ ሲደርስሽ ደውዪላት፤ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም። በሄድሽበት ሁሉ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው አይታጣ። ሮጠሽም ሆነ ቀስ ብለሽ፣ መንገድሽ የቀና ይሁን።

አጎትሽ