የዘላን ቤት በሲታክ አፓርትመንት፦ የወ/ሮ ሮማነወርቅ ተክለ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ተክለ ጻድቅ ኃይለ መስቀልና ከእናታቸው ከወ/ሮ ምሥራቅ መንግሥቴ በኅዳር ወር 1954 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። ቀኑን አባታቸው ለሚካኤል፣ እናታቸው ለጽዮን ሰጥተው ሲከራከሩ፣ ነገሩ ሳይቋጭ ሁለቱም ስላረፉ ልደታቸው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ሲከበር ኖሯል።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው በ1973 ዓ.ም. በመንግሥት ስኮላርሺፕ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ካዛኽስታን፣ አልማ አታ ተላኩ። የተላኩት የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ሊማሩ ነው፤ ተምረዋልም። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበትን ሙያ ያስተማሯቸው ግን የተማሪዎች መኖሪያው ዘበኛ ወ/ሮ ቢቢጉል ናቸው። ወ/ሮ ቢቢጉል በግመል ተጭኖ በሚዞር ድንኳን ውስጥ ያደጉ ካዛኽ ሲሆኑ፣ በር እየጠበቁ ፌልት ይሠሩ ነበር። ፌልት ያልተፈተለ፣ ያልተሸመነ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና እየተረገጠና እየተንከባለለ እርስ በርሱ የተጣበቀ የበግ ጠጉር ነው። የካዛኽ ዘላን የቤቱ ግድግዳም፣ ምንጣፉም፣ የማንኪያ ከረጢቱም እሱው ነው። ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ ሴትየዋ ነጩንና ጥቁሩን ፌልት አነባብረው በአንድ ቢላ የበግ ቀንድ ጥለት ሲቆርጡ፣ ከዚያም ነጩን ቀንድ በጥቁሩ፣ ጥቁሩን በነጩ ላይ ሲተኩ ባዩ ቀን ፈተና እንዳለባቸው ረስተው ቀሩ። «ከአንድ መቁረጥ ሁለት ምንጣፍ ይወጣል፤ የሚጣል ብጣሽ የለም። ይህን ያሰበ ሰው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልደረሰም» ይሉ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት ተመልሰው በብርድ ልብስ ፋብሪካ በባለሙያነት አገለገሉ። በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ፊሊጶስ ንዋይ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ኖላዊትንና አቤልን አፈሩ።

ዲቪ ደርሷቸው ሲያትል የገቡት በ2004 ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ ናቸው። አቶ ፊሊጶስ ታክሲ ያዙ፤ እሳቸው ከኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሲታክ ከሚገኝ ሆቴል ላውንደሪ ገቡ። ኪራይ ተጨምሮባቸው ሦስተኛው አፓርትመንት ሲገቡ፣ «እኛም እኮ ዘላን ነን። እነሱ ሣር ሲያልቅ ይነሣሉ፣ እኛ ሊዝ ሲያልቅ» አሉ። በዚያው ሳምንት ከሲያትል በስተ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ማዶ ከሚኖሩ በግ አርቢዎች ሦስት ጆንያ ጠጉር አስመጥተው ባኞው ውስጥ ዘፈዘፉ። ቤተሰቡ አሥራ አንድ ቀን ገላውን ጎረቤት ታጠበ።

ከዚያ ባኞ የወጣውን እዚህ የተሰበሰባችሁ ታውቁታላችሁ። የማንኪያው ከረጢት በር ላይ ተሰቅሎ የቁልፍ፣ የስልክና የፖስታ ማስቀመጫ ሆነ። የድንኳኑ ግድግዳ የጎረቤት ቴሌቪዥን ድምፅ የሚያስቀር መጋረጃ ሆነ። ተጠቅልሎ ከታክሲ ኋላ የሚጫን መቀመጫ ሠሩ፤ ሬድመንድ ባሉ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ለሚሠሩ ልጆች የላፕቶፕ ቦርሳ ሠሩ። ለሁሉም በስጦታ ሰጡ እንጂ አንዱንም አልሸጡም። አቤል «ማሚ፣ ሶ ለምን ሴል አታደርጊውም? ሰው እኮ ይጠይቀኛል» ሲላቸው፣ «የሰው አያት ሥራ ነው። እኔ ቆራርጬ የላፕቶፕ ልብስ አደረግሁት። ባለቤቶቹ አይተው ይሁን ሳይሉኝ ስሜን አልሰፋበትም፤ ሌባ ሆኜ አልሞትም» አሉት። ለወ/ሮ ቢቢጉል የጻፉት የመጨረሻ ደብዳቤ ሳይከፈት ተመልሶ ነበር፤ ሌላ ካዛኽ ደግሞ አያውቁም ነበር። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ።

በ2018 የኖላዊት የሥራ ባልደረባ የሆነ አንድ ካዛኽ ቦርሳዋን አይቶ «ይህ የአያቴ ነው» አላት። ቅዳሜ እናቱን ወ/ሮ ራውሻንን ይዞ መጣ። ወ/ሮ ሮማነወርቅ የዚያን ቀን ጠዋት ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠረጉ። እንግዳዋ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ፣ ሥራውን ሁሉ አንድ በአንድ እየገለበጡ ጀርባውን አዩ። ከዚያም በሩሲያኛ «ቀንዱ ከሲታ ነው። በጎችሽ ምን ነክቷቸው ነው?» አሉ። ወ/ሮ ሮማነወርቅ «ላፕቶፑ ጠቦባቸው ነው» ብለው መለሱ። እንግዳዋም «ትንሹን ማንም ያሳምራል፤ ትልቅ ሥሪና ልይ» ብለው ሄዱ።

ትልቅ ፌልት ለብቻ አይሠራም። በሀገሩ ብዙ ሰው እያንከባለለው ፈረስ ይጎትተዋል። በጁላይ ወር፣ በአፓርትመንቱ ፓርኪንግ፣ በሸራ የተጠቀለለውና በገመድ የታሰረው ሁለት ሜትር ተኩል ጥቅል ከአቶ ፊሊጶስ ታክሲ ኋላ ተጎተተ። ከኤርፖርት ፈረቃ የወጡ አሥራ አራት ሰዎች በእግራቸው እየገፉ ተከተሉት። ከፎቅ ያዩ ጎረቤት ሬሳ ነው ብለው ፖሊስ ጠሩ። ፖሊሶቹ ጫፉን አስገልጠው ካዩ በኋላ አንደኛው ልግዛው ብሎ፣ አይሸጥም ተባለ።

ተቆርጦና ተሰፍቶ ያለቀው ከዚያ ቀን በስምንተኛው ወር ነው። ወ/ሮ ራውሻን መጥተው ጫማቸውን አውልቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት። ከዚያ ተንበርክከው መዳፋቸውን በእያንዳንዱ ቀንድ ላይ አሳለፉ። ከአንድ ዘላን ድንኳን የተነሣ ነገር በዘበኛ እጅ፣ በደብረ ብርሃን ልጅ እጅ አልፎ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሳሎናችን ውስጥ ተዘርግቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው። ወ/ሮ ራውሻን ሲነሡ «ስምሽን ስፊበት» አሉ።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ከጀርባው ሁለት ስም ሰፉ፤ መጀመሪያ ቢቢጉል፣ ከሥሩ ሮማነወርቅ። ከዚያ ወዲህ የሠሩት ሁሉ እነዚህን ሁለት ስሞች ይዞ ተሸጧል፤ ከማውንት ቤከር ሰፈር እስከ ሬድመንድ ብዙ ቤት ገብቷል።

በ2023 በጉበት ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆይተው፣ የስፌት መርፌ ከእጃቸው ሳይለይ፣ በማርች 2025 በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

ባለቤታቸውን አቶ ፊሊጶስን፣ ልጆቻቸውን ኖላዊትንና አቤልን፣ የልጅ ልጃቸውን ሃሴትን፣ ወንድማቸውን አቶ መልከጸዴቅን፣ እንዲሁም ታላቅ እህታቸውን ወ/ሮ ራውሻንን ትተው አልፈዋል። ይህ ወረቀት ከመታተሙ በፊት ዝርዝሩ ለቤተሰቡ ተነብቦ ነበር። «እህት» ብቻ ይል የነበረውን ወ/ሮ ራውሻን በልጃቸው አስተርጓሚነት ሰምተው፣ «ታላቅ» ይግባበት ስላሉ ገብቷል።

ያን እጅ የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን አይንፈገን። አሜን።